ሁለት ነጥብ አራት

ሮውሊንስ፣ ዋዮሚንግ፤ መንገዱን ዘግተዋል፣
ባዶ ተሳቢ ሁሉ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ነፋስ ይገለብጣል።
የኛስ ሙሉ ነው፤ አርባ ሺህ ፓውንድ ዶሮ፣
ከአይዋ የተጫነ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ በበረዶ ታስሮ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ። ሞተሩ ያጉረመርማል።
ምትኩ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ተኝቷል፣
ወይም የተኛ ሰው ትንፋሽ ይተነፍሳል።

ከነብራስካ ወዲህ ቃል አልወጣውም።
ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም፤
ለኋላ ጎማ ብለን ሁለታችን ያጠራቀምነውን
ኦማሃ ላይ ከፍዬ ገዛሁ ይሄን ስልኬን።
«ፈጣን ነው» አልኩት።
«ጎማውስ?» አለኝ።
ሌላ አልጨመረም። መጋረጃውን ሳበው።

አሁን ታብሌቱ፣ ጥጉ የተሰነጠቀው፣
የመንዳት ሰዓታችን ተመዝግቦ የሚኖረው፣
ከኔትዎርክ ወጥቶ ቀይ ያበራል፤
መዝገቡ ሳይላክ፣ መንገድ ቢከፈትም፣ ማን ያንቀሳቅሰናል?
ሆትስፖት ከፈትኩ። ስልኬ «ዝግጁ ነኝ» አለ።
ታብሌቱ አሰሰ፣ ፈለገ፣ ቃኘ፤
የማደያውን አገኘ፣ የሻወር ቤቱን አገኘ፣
«የቴሪ ስልክ» የሚል፣ የማላውቀውን ሰው እንኳ አገኘ፤
ዳሽቦርዱ ላይ ከጎኑ፣ ሦስት ጣት ርቆ
የተቀመጠውን የኔን ግን አላየም።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ስሙን ለወጥኩለት።
የይለፍ ቃሉንም ሕፃን እንዲይዘው አድርጌ አቀለልኩለት።
አውሮፕላን ላይ ነኝ ብዬ ዋሸሁት፣ ወዲያው ደግሞ ወረድኩ፤
እንደተኳረፉ ልጆች ግንባር ለግንባር አጋጠምኳቸው፣ ለመንኩ።
ወይ ፍንክች!

ሶስና ዘንድ ደወልኩ፣ የእህቴ ልጅ፣
ኦሮራ መጋዘን የሌሊት ተረኛ፤
እረፍቷ ሩብ ሰዓት፣ አፏ በሳንድዊች ሞልቶ፣
«ጋሼ፣ ባንዱ ስንት ላይ ነው?» አለችኝ።
ባንድ ስትለኝ ፊቴ ድቅን ያለው ሳክስፎን ነበር።
«ሞገዱ ጋሼ፣ ሞገዱ! አምስት ላይ ነው የተወከው፣
አሮጌ ዕቃ አምስትን አይሰማም፤ ጆሮው ለሁለት ነጥብ አራት ነው።
ሴቲንግ ግባ። ሆትስፖት። ውረድ፣ አሁንም ውረድ።
አገኘኸው? ወደ ሁለት ነጥብ አራት አውርደው።»
«ማውረድ? ለፍጥነቱ አይደል እንዴ የከፈልኩት?»
ሳቀች። «አምስቱ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ሲያይ ግን ይደክመዋል።
ሁለቱ ቀርፋፋ ነው፤ ብቻ ሁሉም ይሰማዋል።»
ደወል ጮኸ፤ ወደ ሣጥኖቿ ሄደች።

አወረድኩት። ታብሌቱ አሁንም ደንቆሮ።
ሆትስፖቱን አጥፍቼ እንደገና ለኮስኩ፤
ትንሽ ቆይቶ፣ ከቴሪ በታች፣ ስሜ ብቅ አለ።
ቀዩ ጠፋ።

ከመጋረጃው ጀርባ ፍራሹ ተንቋቋ።
የምትኩ ስልክ ያው የድሮው ነው፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፤
ለካ እሱም ሁለት ነጥብ አራትን ይሰማ ነበረ።
«‹ጎማ› የሚለው አንተ ነህ?»
ከነብራስካ ወዲህ የመጀመሪያው ድምፅ።
«እኔ ነኝ» አልኩ።
ነፋሱ መስታወቱን ሁለቴ ገፋው።
«የይለፍ ቃሉስ?»

እንደ ልማዴ ላቀጣጥፈው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።
ቀስ ብዬ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው፣ ቆጠርኩለት፦
አንድ። አንድ። አንድ። አንድ።
አንድ። አንድ። አንድ።
«ሌላ አንድ ይቀራል» አልኩት።
«ምን ዓይነት ቁልፍ ነው ይሄ፣ ሌባ ቢመጣስ?»
«ሌባው እኔ ነኝ» አልኩት። አልሳቀም።
ቆይቶ ግን በአፍንጫው ትንሽ አየር አወጣ።

መጋረጃው እንደተዘጋ ነው።
ስልኬ ላይ ቁጥሩ ተለውጧል፦ ሁለት ተገናኝተዋል።
ታብሌቱ የትናንቱን መንገድ፣ ማይል በማይል፣
ቀስ እያለ ይልካል።